እትብት የተሰቀለበት

ከባንኮክ ተልኬ፣ ባልዲ ቀለም ይዤ፣
ሜትሩን አንገቴ ላይ እንደ ሻርፕ ጠምዝዤ፣
ከሳልዊን ወዲህ ማዶ፣ ከካረኖች መንደር
በማለዳ ደረስኩ፣ ደናቸውን ልቆጥር።

ጭጋጉ ከሸለቆው ገና አልተነሣም፤
ከቤቶቹ ወለል ሥር ከሚያጉረመርም አሳማ በቀር ድምፅ አይሰማም።

ትእዛዙ ቀላል ነው፦
እያንዳንዱን ግንድ በደረት ቁመት ለካ፤
ቁጥሩን ጻፍ፤ እለፍ፤ ቅጠሉን ሳትነካ።
«ሰው የሌለበት ደን፣ እሱ ነው የዳነ»
ይላል መመሪያዬ፣ በማኅተም የታመነ።

መንገድ የሚመራኝ ሶ ቶሌ ይባላል፤
ጥርሱን ያኘከው ቅጠል አቅልቶት፣ ሲስቅ የደማ ይመስላል።
ከአንድ ሾላ ሥር ቆምን።
ብሩሼን ከባልዲው ነክሬ ሳነሣ፣
«እሷ ኖ ሙዴ ናት» አለኝ፣
እንደሚያስተዋውቅ እንግዳ ለምሳ።

«ማን ናት?» አልኩ። ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ።
ከቅርንጫፉ ላይ በልጥ የታሰረ
የቀርከሃ ቁራጭ፣ ከዋሽንት ያጠረ፣
አፉ በጨርቅ የተወተፈ።

«ልጅ ሲወለድልን እትብቱን በቀርከሃ እንከታለን፤
ጤነኛ፣ የሚያፈራ፣ ወፍ የማይጠፋበት ዛፍ እንመርጣለን።
አባት ነው የሚያስረው። ያን ዕለት መንደሩ ለእርሻ አይወርድም፤
ከዚያ ወዲያ መጥረቢያ ወደዚያ ግንድ አይሄድም።
ቢቆረጥ የልጁ ነፍስ ማረፊያ ያጣች ወፍ ትሆናለች፤
ቆራጩ ዶሮ ይክሳል፤ ዶሮዋ ነፍሱን ጠርታ ታመጣለች።»

ሳቅሁ። መዝገቤ ላይ «የዶሮ ካሳ» የሚል ዓምድ የለም።

«ይኼኛውስ?»
«ሶ ኬጆ። በወባ ሞተ፤ ዛፉ ግን አልሞተም።
ፍሬው ሲበስል እናቱ መጥታ ሥሩ ትቀመጣለች፤ አትለቅምም።»
«ያኛውስ?»
«ኖ ፔዋ። ቺያንግ ማይ ሆቴል ታጸዳለች፤
በዓመት አንዴ ትደውልና "ዛፌ እንዴት ነው?" ትላለች።»
«ያ ደግሞ?»
መልስ አልሰጠኝም። ሄዶ መዳፉን ግንዱ ላይ አሳረፈ።
የሱ ቀርከሃ በስብሶ ከወደቀ ዘመን አልፎታል፤
ማሰሪያውን ግንዱ ውጦ፣ ጠባሳ ብቻ ቀርቶታል።

ከደኑ ስንወጣ የተቃጠለ ማሳ።
እርሳሴን አሾልኩ።
«እሺ፣ ይኼንንስ ምን ትለዋለህ?»
ተቆጣሁ እንኳ መሰለኝ፤ ጥፋት ማግኘት ደስ ይላል።
ጎንበስ ብሎ አመዱን በእጁ ጠረገ።
ጉቶዎች ነበሩ፣ እስከ ወገብ የቀሩ፣
ከጥቁሩ ቅርፊት አረንጓዴ ጣት የሚቀስሩ።
«ሥር አንነቅልም። አንድ ዓመት ሩዝ ይሰጠናል፤ ሰባት ዓመት ያርፋል፤
ከዚያ እኛን ረስቶ፣ ተመልሶ ደን ይሆናል።»
ለሆድ ቁርጠት የሚሆነውን ቅጠል የሚያገኙት
ሦስት ዓመት ካረፈው ማሳ ነው አለኝ፤
ትልቁ ደን ውስጥ አይበቅልም፤ ጥላው ይገድለዋል።
ይኼንንም የምጽፍበት ዓምድ አልነበረኝም።

ማታ በባትሪ ብርሃን ደመርኩ።
እኔስ?
ባለ ዐሥራ አንድ ፎቅ ሆስፒታል ነው የተወለድኩት፤
እትብቴን ከጓንትና ከመርፌ ጋር የት እንደጣሉት...
ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ወጥቼ እናቴን ጠየቅኋት።
«ምን ልታደርገው?» አለችኝ።
ልክ ናት። ምን ላደርገው።

በማግስቱ ለሶ ቶሌ፣ እንደ ቀልድ፣ «ለኔም አንድ ዛፍ ስጠኝ» አልኩት።
በቀላ ጥርሱ ሳቀ። «ዛፍማ አይሰጥም፤
መጀመሪያ የሚያስርህ ያስፈልጋል።»

መዝገቡን ላክሁ። «ዝርያ» በሚለው ዓምድ ሥር፦
ኖ ሙዴ። ሶ ኬጆ። ኖ ፔዋ። ሶ ቶሌ።
በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰልኝ፤
ዳር ላይ በቀይ፦ «ስሕተቱ ይታረም።»

አላረምኩም። አልመለስኩትምም።
ባልዲው ከጠረጴዛዬ ሥር ነው፤ ቀለሙ ደርቋል፤
ብሩሹ መሐሉ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል
እንደ ጉቶ።